ቦራ ዘይት ያፈሰሰበት ሰሞን

በእኛ በግራር መገንጠያ ሽማግሌ ሆኖ ለመቀመጥ አንዲት አባባል ማወቅ ግድ ነው። ባል ሚስቱን ሲከስ፣ ጎረቤት ድንበሬን ገፋብኝ ሲል፣ እናት ልጄን ያበላሸብኝ ጓደኛው ነው ብላ ስትነሳ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ ያቺን አባባል ጣል ያደርጋታል፤ ከሳሽም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። መሪ ጨብጠው የማያውቁ፣ ሞተር ከፊት ይሁን ከኋላ የማይለዩ እናቶች ሳይቀሩ ይሏታል። እንግዳ ሰው መጀመሪያ ሲሰማት ይስቃል። ከየት እንደመጣች ስነግረው ግን ሳቁን ትቶ ወንበር ይስባል። እኔ የማውቀው ደግሞ በወሬ አይደለም፤ ጎሚስታ ነኝ፣ ጎማ የምጠግንበት ዳስ ከሙሄ ጋራዥ ጋር አንድ አጥር ነው የሚጋራው። ነገሩ ሁሉ ዓይኔ እያየ ነው የሆነው።

ግራር መገንጠያ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ሲወርዱ ሾፌሮች ፍሬን የሚያቀዘቅዙባት ትንሽ ከተማ ናት። አባባ ይመር ሁሴን ደግሞ የከተማዋ አንጋፋ ሾፌር ናቸው። መኪናቸው ከብዙ ልጆቻቸው የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ባለ ቱርቦ የናፍጣ መኪና ነው። መላ አካሉ ቡናማ ሆኖ ኮፈኑ ብቻ ነጭ ነው፤ አንድ ጊዜ ከግመል ጋር ተጋጭቶ ኮፈኑ ስለተለወጠ። ግንባሩ ነጭ የሆነ በሬ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አርሶ አደር ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸውም “ቦራ” አሉት። ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሐኪም የሚያደርስ ቦራ፣ ሙሽራ የሚያጅብ ቦራ፣ ከቆላ ጨው ይዞ የሚወጣ ቦራ ነበር።

ለማያውቅ ሰው ቱርቦ ማለት ከሞተሩ ጎን የምትቀመጥ፣ ቀንድ አውጣ የምትመስል ብረት ናት። በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረች ሞተሩን አየር ትግተዋለች፤ ዳገቱን ዳገት የማያሰኘው እሷ ናት። የቦራ ቱርቦ አርጅታ ዳገት ላይ እንደ ታመመ ሰው ማቃሰት ስትጀምር፣ አባባ ይመር ወደ ሙሄ ጋራዥ አስገቡት።

ሙሄ ሰይድን አንገቱን የደፋ ጭምት አድርጋችሁ እንዳታስቡብኝ። ራሱን የሚያውቅ፣ አፉም እጁም ፈጣን የሆነ መካኒክ ነው። “እኔ የገጠምኩትን ሞተር እኔው ካልፈታሁት ሌላ ሰው አይፈታውም” እያለ ሲፎክር አጥሩን ተሻግሮ ይሰማኛል። ፉከራውን የምታገሠው እውነት ስለሆነ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ይህ ሁሉ አፍ በአንድ ሰው ፊት ይዘጋ ነበር፤ በአባባ ይመር ፊት። ምክንያቱም ልጃቸውን ከድጃን አጭቷል። በእኛ ዘንድ ቃል ከታሰረ በኋላ የሚያገባ ወንድ የልጅቷን አባት ቀና ብሎ አያይም፤ ከአፉ አውጥቶም አይመልስላቸውም። የሚለው ካለ በሽማግሌ በኩል ይላል፤ እሳቸው በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመው ቢሆን እንኳ።

ሽማግሌው ደግሞ አያ አደም ነበሩ። በጉልምስናቸው ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና እየነዱ አሰብ ድረስ የተመላለሱ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው የሰው ትዳር የሚጠግኑ አዛውንት ናቸው። ልጅቷን የጠየቁት እሳቸው፣ ቃሉን ያሰሩት እሳቸው፣ የጋብቻው ኒካህ ከረመዳን በኋላ ይሁን ብለው የቆረጡትም እሳቸው ናቸው።

ሙሄ ቱርቦዋን አድሶ ቦራን መለሰ። አባባ ይመር ዳገቱን ወጥተው ሲመለሱ ደስታቸው ፊታቸው ላይ አልበቃ ብሎ መስጊዱ በር ላይ ቆመው፣ “ይህን ቱርቦ የነካው የአማቼ እጅ ነው! ቦራን ወይፈን አደረገልኝ!” እያሉ ላለፈ ላገደመው ሁሉ አወሩ። በማግስቱ ጨው ሊያመጡ ወደ ሚሌ ወረዱ።

ሲመለሱ ቦራ ሌላ ሆኖ ተመለሰ። ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ይጎትታል፤ የቆመበት ቦታ ሁሉ በዘይት ይጠቁራል። ኮፈኑን የከፈተ ሁሉ ቱርቦዋ በዘይት ተነክራ ያያል። ቱርቦዋ ታድሳለች፣ በሳምንቱ ዘይት ታፈሳለች፤ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል? ሾፌሮቹ እየጎነበሱ እያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ። “ሙሄ እኮ አፉ ነው” አሉ። ወሬው ገበያውን ሁሉ ከዞረ በኋላ መጨረሻ የደረሰው ለራሱ ለሙሄ ነው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

የወሬውስ ቀላል ነበር። አባባ ይመር አያ አደምን ጠርተው አንዲት ነገር ተናገሩ፤

“ቱርቦ ያላሳደረ እጅ ልጄን አያሳድርም። ቃሌን መልሱልኝ።”

“አንተ ይመር! ያሰርኩትን ቃል እንደ ጭነት ገመድ ፍቱልኝ ትለኛለህ?” አሉ አያ አደም።

“ይፍቱታ። ገመድ የሚፈታው ጭነቱ ሲያዘነብል አይደለም እንዴ?”

ሙሄ ይህን የሰማ ዕለት ጋራዡ ውስጥ መዶሻ ሲወድቅ እንኳ አልሰማሁም። ለማንም ቢሆን ይመልስ ነበር፤ ለእኒህ ሰውዬ ግን መመለስ አይችልም። “ምን ነክተውበት ነው?” ብሎ መጠየቅ እንኳ አማትን መወንጀል ነው። ከድጃን ሊያጣት ነው፣ ስሙንም አብሮ፤ አፉ ደግሞ በባህል ታስሯል። ብረት ተደግፎ ተቀምጦ ሳየው አንጀቴን በላው።

አፉ ያልታሰረው የከድጃ ነበር። ከድጃ ባቲ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ከአፋሩም ከኦሮሞውም ጋር በየቋንቋው የምትከራከር ልጅ ናት። አባቷ ቦራን እየጠረጉ ሳለ መጥታ ፊታቸው ቆመች።

“አባዬ፣ እምቢ ካሉኝ እምቢታዎን እቀበላለሁ” አለች። “ግን በቆሻሻ ሞተር እምቢ አይበሉኝ። እኔ እንኳ ጨርቅ ተቀደደብኝ የሚል ሰው ሲመጣ፣ አጥቤ ነው ቀዳዳውን የማየው። ይታጠብና ይታይ። ከቱርቦው ከሆነ በራሴ አፍ አልፈልገውም እላለሁ።”

አባባ ይመር ልጃቸው እንደ እሳቸው ግትር መሆኗን ያውቃሉ። “ይታጠብ” አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ቦራ ጋራዡ ገባ። ወሬ የጠማው ሾፌር ሁሉ ሥራውን ትቶ ተሰበሰበ። አባባ ይመር ከዳሴ ባመጣሁላቸው ትልቅ ጎማ ላይ ከዘራቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ አያ አደም አጠገባቸው። ሙሄ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ እንዲህ አለ፤

“አያ አደም፣ አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። ፉርኖ ዱቄት።”

“ዱቄት?” አለ ከሾፌሮቹ አንዱ። “ሞተር ሊጠግን ነው ዳቦ ሊጋግር?”

ሁላችንም ሳቅን። ከድጃ ግን አልሳቀችም፤ ሄዳ በሰሃን ሙሉ ዱቄት ይዛ መጣች።

ሙሄ መጀመሪያ አጠበ። ውሃ የማይወዱትን የኤሌክትሪክ ነገሮች በፌስታል አሰረ፤ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች በናፍጣና በብሩሽ ፈተገ፤ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና። አጠበ ስላችሁ ዝም ብሎ ውሃ ደፋበት ማለቴ አይደለም፤ እያንዳንዱን ቡሎን እንደ ሕፃን ጆሮ ዙሪያውን ነበር የሚያጸዳው። ያ ሁሉ ችኩል አፍ የነበረው ሰው ሲያጥብ ግን ችኮላ የሚባል አልነካውም። እኔ የኮምፕረሰሬን ቱቦ በአጥሩ አሳልፌ አቀበልኩት፤ በነፋስ አደረቀው። ከዚያ ዱቄቱን በእፍኙ እያነሳ ነሰነሰ። ቦራ ከግንባሩ አልፎ ሆዱ ሁሉ ነጭ ሆነ።

“አሁን ይነሳ” አለ።

ሞተሩ ተነሳ። ሙሄ የኪስ መስታወት ይዞ ዓይን የማይደርስበትን ጥግ ሁሉ ይመለከት ጀመር። እኛም አንገታችንን አስግገን ቱርቦዋን እናያለን፤ ዱቄቷ ነጭ እንደሆነ ነው። ቆየን። አሁንም ነጭ ነው። ድንገት ከላይ፣ ከሞተሩ ራስ ክዳን በስተኋላ፣ ዱቄቱ ወዝቶ ጠቆር አለ። አንዲት ቀጭን የዘይት መስመር ዱቄቱን እየቀደደች ወረደች፣ ወረደች፣ ከዚያ ቱርቦዋ ላይ አረፈች፤ ከቱርቦዋም መሬት ላይ ጠብ አለች።

“አያችሁ!” አሉ አያ አደም ከጎማው ላይ ተነስተው። “ዘይቱ ከላይ ነው የመጣው! ቱርቦዋ ላይ አለፈ እንጂ ከቱርቦዋ አልወጣም! ይመር፣ ቃሉ እንደታሰረ ነው!”

ጭብጨባው ቀለጠ። አባባ ይመር ግን አልተንቀሳቀሱም።

“ጭሱስ?” አሉ። “ሰማያዊ ጭስ ከክዳን አይወጣም። ዘይት የሚቃጠለው ውስጥ ገብቶ ነው።”

ጭብጨባው ቆመ። እውነታቸውን ነው፤ ሽማግሌው ግትር ይሁኑ እንጂ ሞተር ያውቃሉ። የገረመኝ ሙሄ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ነጻ በወጣበት ቦታ ላይ ቆሞ ይከራከር ነበር፤ እሱ ግን ፊቱ በራ፤ እንደሱ የሚያስብ ሰው ያገኘ ይመስል።

“አያ አደም፣ አባባ ይመር ልክ ናቸው በሏቸው። የጭሱ ጥያቄ ገና አልተመለሰም።”

“ልክ ነህ ይልሃል” አሉ አያ አደም።

“ሰምቻለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም” አሉ አባባ ይመር።

ከሾፌሮቹ አንዱ፣ “እንግዲህ የክዳኑን ጓርኒሲዮን ለውጥና ገላግለን፤ እሱ ነው የተበላው” አለ። ጓርኒሲዮን ሁለት ብረት ሲገጥም ዘይት እንዳያሾልክ መሐሉ የሚገባው ስስ ነገር ነው። ሙሄ ራሱን ነቀነቀ።

“ይህ ጓርኒሲዮን ስንት ዳገት አብሮት ወጥቷል፤ አንድ ቀን አላለቀሰም። ዛሬ ያስለቀሰው ማነው? እሱን ብለውጠው አዲሱም ነገ ያለቅሳል።”

ይህን ብሎ ዘይት የሚጨመርበትን ክዳን ሞተሩ እየሠራ ላላ አደረገው። ክዳኑ ከእጁ ሊያመልጥ ደረሰ፤ እፍፍ ብሎ ነፋስና የዘይት ፍንጣቂ ሸሚዙ ላይ ተፋበት። እኔ ያኔ ገባኝ። ጎሚስታ ነኝ፤ መውጫ ያጣ አየር ምን እንደሚያደርግ የማውቀው እኔ ነኝ። ጎማው ጠንካራ ቢሆንም በደካማው ጎኑ ይወጣል።

“ሞተር ይተነፍሳል” አለ ሙሄ፤ ለአያ አደም እየተናገረ ለሁላችንም እያስረዳ። “የሚተነፍስበት ቱቦ አለው። ትንፋሹ ከታፈነ ሆዱ ይነፋል፤ የተነፋ ሆድ ዘይቱን በየቀዳዳው ይገፋዋል። ቱርቦዋም የጠጣችውን ዘይት ወደዚያ ሆድ መመለስ ነበረባት። ሆዱ አልቀበልም ሲላት ምን ታድርግ? ወደ ጭሱ ትለቀዋለች። ክዳኑም ቱርቦዋም አንድ በሽታ ነው ያመማቸው።”

ሞተሩን አጠፋና መተንፈሻ ቱቦዋን ከላይ ይዞ እየዳሰሰ ወደ ታች ወረደ። ቱቦዋ ከሞተሩ ኋላ ተጠማዝዛ ከሥር ነው የምታልቀው፤ ጫፏ ለዓይን አይታይም። እጁ እስከ ክንዱ ገባ። ከዚያ ቆመ።

ፊቱን ሳየው የሆነ ነገር እንዳገኘ አወቅኩ። ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ ቦራ ጀርባ መለሰ። እዚያ የአባባ ይመር የዘይት ጀሪካኖች ተደርድረው ታስረዋል፤ ክዳን የላቸውም። አባባ ይመር የፕላስቲክ ክዳን ይጠፋል ብለው፣ ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ በጨርቅ ጠቅልለው ነው አፋቸውን የሚወትፉት። በከተማችን እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም። እኔም የሙሄን ዓይን ተከትዬ ጀሪካኖቹን አየሁ፤ ጣቶቹ ከሥር ምን እንደነኩ ሳይነግረኝ ገባኝ።

አንድ ጊዜ ሳብ ቢያደርገው ያበቃ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስሙን ሲያነሱ በከረሙት ሾፌሮች ሁሉ ፊት ቆረቆንዳውን ከፍ አድርጎ ማሳየት ይችላል። አንዲት ቃል መናገር አይጠበቅበትም፤ ቆረቆንዳው ራሱ ይናገርለታል። እኔ ይህን ስጠብቅ እጁን ባዶውን አወጣው።

“አያ አደም፣ እኔ እጄን ልታጠብ። አባባ ይመር ይህችን ቱቦ እስከ ጫፏ በራሳቸው እጅ ይዳስሷት በሏቸው። ሌላ ሰው አይንካት።” ከዚያ ወደ ሾፌሮቹ ዞሮ፣ “እናንተም ፀሐይ አይምታችሁ፤ ወደ ጥላው ግቡ” አለና ወደ ቧንቧው ሄደ። ጀርባውን ለቦራ ሰጥቶ እጁን ይታጠብ ጀመር። ያ እጅ ሲታጠብ፣ ሲታጠብ፣ ከሞተሩ እኩል ጊዜ ወሰደ።

ፉከራውን ስሰማ የኖርኩት ሰው ይህ መሆኑን ማመን አቃተኝ። ጉልበት ያለው ሰው አይቻለሁ፤ ጉልበቱን እንዲህ ኪሱ የሚከት ግን አላየሁም ነበር።

አባባ ይመር ከዘራቸውን ለአያ አደም ሰጥተው ጎንበስ አሉ። ክንዳቸው ገባ። ቆዩ። ጎንበስ እንዳሉ በጣም ቆዩ። እኔ ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሉ ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ ጋቢያቸው ሰፊ ነው፣ ቆረቆንዳዋ ትንሽ ናት፣ ማንም ሳያይ ሊሰውሯት ይችሉ ነበር።

ቀና ሲሉ ግን ቆረቆንዳዋን በጥቁር ዘይት እንደተነከረች ከጋቢያቸው በላይ ይዘዋት ነበር።

“ሁላችሁም ኑ፣ እዩ!” አሉ። “የኔ ናት። ወደ ሚሌ ልወርድ ስል አቧራው ታሰበኝ። ይህች ቱቦ አፏን ከፍታ አየኋት። ልጁ ያደሰልኝን ቱርቦ አቧራ እንዳይበላብኝ ብዬ በገዛ እጄ ወተፍኳት። ለሥራው ሳስቼ ነው… ለሥራው ሳስቼ ሥራውን ገደልኩት፤ ከዚያ ደግሞ ከሰስኩት።”

ከድጃ በዱቄት በነጣ እጇ አፏን ይዛ ነበር፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም፤ ፊቷ ግን ነጭ ሆኖ ቀረ።

አባባ ይመር ወደ ቧንቧው ሄዱ። ባህሉን ማፍረስ የሚችለው ትልቁ ብቻ ነው፤ እሳቸውም አፈረሱት።

“ሙሄ፣ ልጄ፣ ቀና በል።”

ሙሄ አንገቱን እንደደፋ ነው።

“ቀና በል አልኩህ! ጥፋቴን ላለማየት ጀርባህን ሰጠኸኝ፤ አሁን ደግሞ ፊቴን እይልኝ።”

ሙሄ ቀና አለ። ተያዩ፤ ከዚያ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ወደ ቦራ መሄድ ጀመሩ፤ መካኒክና ሾፌር ሌላ ምን ያውቃል? ሞተሩ ተነሳ። ሙሄ የዘይቱን ክዳን ላላ አደረገው፤ ምንም አልተፋም። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጭሱ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እየሳሳ፣ እየሳሳ ጠፋ። የክዳኑ ዘይትም ወደ ታች መውረዱን አቆመ።

“አያ አደም” አሉ አባባ ይመር፣ “እንግዲህ ፍረዱብኝ። የሰው ስም አጥፍቻለሁ። ካሳዬ ምንድነው?”

አያ አደም ቆረቆንዳዋን ተቀበሉ። በመሐረባቸው ጠረጉና አገላብጠው አዩዋት። ሾፌሩ ሁሉ ፍርዱን ሊሰማ ተጠጋ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሙሄን ስም ሲያነሱ የከረሙት።

“ካሳህ ቀላል ነው” አሉ። “ኒካሁ በቀኑ ይሁን። አንተም ከኔ ጋር ለሽምግልና በተቀመጥክ ቁጥር ይህችን ቆረቆንዳ በኪስህ ይዘህ ትመጣለህ፤ ሰው ከመወንጀላችን በፊት መሐላችን ታስቀምጣታለህ፤ ለከሳሹም የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሞተር ሳያጥቡ ቱርቦ አይከሱ።”